የኩባው ድስት በልደታ፤ ስለ አሳማ ሥጋና ስለ ማዕድ ታሪክ የተደረገ ትንሽ ምርመራ

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ሠፈር፣ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ፈርሰው በቦታቸው ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ፎቆች በአንደኛው፣ ቅዳሜ ማታ ማታ ዶሚኖ የሚጫወቱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ነጥቡን የሚቆጥሩት በእስፓኝ ቋንቋ ነው፤ ሲሸነፉም የሚቆጡት በዚያው ቋንቋ ነው። ጨዋታው ሲሞቅ ከማለዳ ጀምሮ በቀስታ እሳት ሲበስል የዋለ ሥጋ ይወጣል። በሁለት ሹካ ተበጣጥቆ በተሰነጠቀ ፉርኖ ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ በቀጭኑ የተከተፈ ሽንኩርትና የሎሚ ውሃ ይጨመርበታል። ሥጋው የአሳማ ሥጋ ነው።

ይህን ስንጽፍ ከአንባብያን ወገን ፊቱን የሚያዞር እንደሚኖር እናውቃለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ምግቡን ማመስገንም መንቀፍም አይደለም። ለመመርመር ያሰብነው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከደጋው ሰው ደጃፍ ሳይገባ የኖረ ሥጋ በምን መንገድ ዞሮ ልደታ እንደ ደረሰ፣ ከደረሰም በኋላ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ነገሩን እንዴት አድርገው እንደ ቻሉት ነው። አስቀድመን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። የቤቱ ጌታ የእናታችን ወንድም ናቸው፤ አብረዋቸው የሚኖሩትም አሮጊት አያታችን ናቸው። ስለዚህ በዳኛ ወንበር የተቀመጥን ሳንሆን በገበታው ዙሪያ የተቀመጥን ነን፤ መምህሮቻችንም ይህን አውቀው እንዲያነቡልን እንለምናለን። ስለ ዘመኑም፣ የአገራችን ነገር በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭው ነገር በአውሮጳውያን አቆጣጠር ተጽፏል።

የነገሩ ምንጭ እስፓኝና ፖርቱጋል በሚገኙበት ባሕረ ገብ ምድር ነው። በ1492 የእስፓኝ ነገሥታት አይሁድን ከአገር አስወጡ፤ በ1497 ደግሞ በፖርቱጋል የነበሩት በግድ ተጠመቁ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም አገሮች ትልቁ ጥርጣሬ፣ የተጠመቀው ሰው በስውር የሙሴን ሕግ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚል ሆነ። በእስፓኝ ከ1478 ጀምሮ፣ በፖርቱጋልም ከ1536 ጀምሮ የሃይማኖት መርማሪዎች ተሾሙ። እነዚህ መርማሪዎች የሰውን ልብ ማየት ስለማይቻላቸው ወደ ድስቱ ይመለከቱ ነበር። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በጎረቤት ይከሰሳል፤ የሚበላም ሰው ሲበላ እንዲታይለት ይፈልጋል። ምግብ ምስክር ሆኖ የሚቀርብበት አገር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነውና።

ከዚያ ባሕረ ገብ ምድር ሁለት መንገዶች ወጡ። አንደኛው ወደ ምዕራብ ነው። ኮሎምቦስ በ1493 ሁለተኛውን ጉዞ ሲያደርግ በመርከቦቹ አሳማዎችን ጭኖ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወሰደ። ከዚያ በፊት በእነዚያ ደሴቶች የቤት አሳማ አልነበረም። እንስሳው ግን በጫካው ውስጥ ጠላት አላገኘምና በጥቂት ዓመታት ተባዝቶ ዱር ገባ። የደሴቶቹ የጥንት ሰዎች ታይኖዎች ሥጋን በእንጨት ቆጥ ላይ አድርገው ከሥሩ ዝግ ያለ እሳት በማንደድ ያበስሉ ነበር፤ ቆጡን «ባርባኮዋ» ይሉታል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው «ባርቤኪዩ» የሚለው ቃል ከዚህ የወጣ ነው። ታይኖዎቹ በበሽታና በግፍ ሲያልቁ በምትካቸው በባርነት የመጡት አፍሪቃውያን ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎች አምልጠው ወደ ተራራ ገቡ። እስፓኞች ከበረት አምልጦ ለወጣ ከብት የሰጡትን «ሲማሮን» የሚል ስም ላመለጠውም ሰው ሰጡት። አንዱ ያመለጠ ሌላውን ያመለጠ እያደነ ኖረ ማለት ነው።

በጃማይካ ተራራዎች የኖሩት እነዚህ ሰዎች፣ «ማሩን» የሚባሉት፣ የዱር አሳማ ሥጋ በጨው፣ በሚጥሚጣና እንደ ቁንዶ በርበሬ ባለ በአገሩ ዛፍ ፍሬ አሽተው፣ በዚያው ዛፍ እንጨት ላይ ቀስ አድርገው ያበስሉ ነበር። ምግቡ ዛሬ «ጀርክ» ይባላል፤ ቃሉ ከደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሲሆን የደረቀ ሥጋ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ቋንጣ እንደ ማለት ነው። ለተዋጊ ሰው ቋንጣ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግሊዞች ማሩኖችን በጦር ማሸነፍ ቢያቅታቸው በ1739 ከአለቃቸው ከካጆ ጋር ውል ተዋዋሉ። በውሉ ውስጥ የጦር ነገርና የመሬት ነገር ይገኛል፤ ከዚያም መካከል የማሩኖቹ አዳኞችና የሌላው ሠፈር አዳኞች በአደን ቢገናኙ አሳማውን እኩል እንዲካፈሉ የሚል ቃል አለ። ብዙ የሰላም ውሎችን በክፍል ውስጥ አንብበናል፤ የአሳማ ሥጋ አከፋፈል የተወሰነበት ግን ይህን ብቻ አይተናል።

በኩባ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኩባ እስከ 1898 ድረስ በእስፓኝ እጅ ስለ ነበረች የእስፓኝ ልማድ በረታ። ሥጋው በኮምጣጣ ብርቱካን፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ተነክሮ ይበስላል፤ የሚበላውም በተለይ በልደት ዋዜማ ነበር። ከ1969 እስከ 1997 ድረስ የልደት በዓል ከመንግሥት በዓላት ተሰርዞ ስለ ነበር ጥብሱ ወደ አዲስ ዓመት ዋዜማ ተዛወረ፤ በዓሉ ሲቀር ምግቡ አልቀረም። የተረፈው ሥጋ በማግሥቱ በዳቦ ውስጥ ይበላል። አጎታችን የሚሠሩት ይህን ነው። ከጎኑ የሚቀርበው ጥቁር ባቄላና ነጭ ሩዝ «ሙሮችና ክርስቲያኖች» የሚል ስም አለው፤ የእስፓኝ እስላሞችና ክርስቲያኖች የተዋጉበት ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ በሳህን ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ እኛ የመጣው ነው። በ1533 ዓ.ም. ክርስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ወረደ። እርሱ ራሱ ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ተዋጉ፤ ኢማም አሕመድም በዚያ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የጦር ወዳጅነቱ የሃይማኖት ጥያቄን አስከተለ። በ1547 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል የኢየሱሳውያን ካህን ወደ ንጉሡ ዘንድ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ወደ ሮማ ሊቀ ጳጳሳት እንዲመለሱ አሳሰበ። የሮማ ሰዎች በኢትዮጵያውያን ላይ ከሚያቀርቡት ነቀፋ ዋናው፣ ሰንበትን ስለሚያከብሩ፣ ስለሚገረዙና አሳማ ስለማይበሉ እንደ አይሁድ ናቸው የሚል ነበር። ከላይ እንዳመለከትነው ይህ ነቀፋ በፖርቱጋል ምድር ሰውን ወደ እሳት የሚያደርስ ክስ ነበር። ለኢትዮጵያ ንጉሥ የቀረበው በጨዋ ቋንቋ ቢሆንም ሥሩ ያው ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስ በግዕዝ የጻፉት መልስ በታሪክ መጻሕፍት «የገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ» ተብሎ ይታወቃል። አጭር ነው፤ ሦስቱንም ነገሮች በየተራ ያነሣል። ስለ እሪያ ሥጋ የሚሰጡት ማስረዳት በሐሳቡ እንዲህ ነው፤ እኛ ከዚህ ሥጋ የምንከለከለው እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ለመጠበቅ ብለን አይደለም፤ የሚበላውን ሰው አንጸየፈውም፣ ርኩስም አንለውም፤ የማይበላውንም እንዲበላ አናስገድደውም። ለዚህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን ምስክር አድርገው ይጠቅሳሉ።

የዚህን መልስ ብልሃት ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ የአገራቸውን ሰው እንዲበላ አላዘዙም፤ የፖርቱጋሉንም ሰው ርኩስ ነህ አላሉትም፤ ያን ጊዜ በጦር ሠፈራቸው ከእርሳቸው ጋር የሚበሉ የፖርቱጋል ወታደሮች ነበሩና። ምግቡን ከሕግ አውጥተው በልማድ ውስጥ አስቀመጡት፤ ልማዱንም ከሁለት ወገን ጠበቁት። አንዳንድ ሰዎች ይህ የፖለቲካ ጥበብ ብቻ ነው ይላሉ፤ ባለ ውለታን ላለማስቀየም የተጻፈ ነው የሚል ነው ሐሳባቸው። እኛ ግን ሁለቱም እውነት ይመስለናል። ንጉሡ ውለታ ነበረባቸው፤ የጳውሎስንም መልእክት በደንብ ያውቁ ነበር።

ነገር ግን የንጉሡ ቃል በብራና ላይ ቀረ፤ በወጥ ቤት የጸናው የኦሪት ዘሌዋውያን ቃል ነው። በአገራችን አሳማ የሚበላ ክርስቲያን ጎረቤቱ ዕቃውን አያውሰውም ነበር፤ የነፍስ አባቱም ንስሐ ያዙበታል። ይህ እገዳ የጠነከረበት አንዱ ምክንያት ለመጠበቅ ቀላል በመሆኑ ይመስለናል። የደጋው ገበሬ የቤት አሳማ አያረባም፤ የሚያውቀው ማሳውን በሌሊት የሚያበላሸውን ከርከሮና የዱር አሳማ ነው። በጾም ቅቤ መተው ከባድ ነው፤ ቅቤው በጓዳ አለና። በቤትህ ያልነበረውን መተው ግን አያስቸግርም። ሌላው ምክንያት በአንድ መንደር የሚኖሩት ክርስቲያንና እስላም ናቸው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ክርስቲያኑ ግመል አይበላም፤ እስላሙ ግን ይበላል። በአሳማ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ አሳማ ያበሰለ ሰው ከአንዱ ወገን ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባበት በር የለውም።

በከተማ ነገሩ ትንሽ ላልቷል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ሞርታዴላና ሌላም አምጥተዋል፤ በትልልቅ ሆቴሎችም ለውጭ አገር ሰው ይቀርባል። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አባቶች በራሳቸው ገበታ የአሳማ ሥጋ ሲበሉ በመስኮት አይተናል፤ በተማሪዎች ገበታ ላይ ግን አንድ ቀንም አላቀረቡም። በዚያን ጊዜ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅንም። አሁን ሲታሰበን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከገላውዴዎስ የተቀበሉት መልስ ጠቅሟቸዋል።

እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች እንዴት ተገናኙ? የተገናኙት በሃያኛው መቶ ዓመት ነው፤ አገናኛቸውም የሚያስገርም ነው። መጀመሪያ የመጡት ከካሪቢያን ወደ እኛ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ወደዚያ የሚመጡት ራስተፈሪያውያን በረከቱ። እነዚህ ሰዎች የመጡት የአሳማ ሥጋ ከተወደደበት ደሴት ነው፤ ነገር ግን በሃይማኖታቸው መጽሐፉን ይዘው አሳማን ትተዋል። የጃማይካ ሰው ያለ አሳማ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ቀጥሎ እንደምናየው የኢትዮጵያ ልጅ ደግሞ ሄዶ አሳማ ይዞ ተመለሰ።

በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ኩባ ወታደሮቿን ላከች፤ በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. በካራማራ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከልደታ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚወጣ ሰው በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ይታየዋል፤ በዚያም የወደቁት ኩባውያን ይታሰባሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የኩባ መንግሥት በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡትንና ሌሎችንም ኢትዮጵያውያን ልጆች ለማስተማር ተቀበለ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ሄዱ። የተላኩበት ደሴት ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል የነበረ፣ በ1978 የወጣቶች ደሴት ተብሎ ስሙ የተለወጠ ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያም የመጡ ልጆች እዚያው ይማሩ ነበር። ልጆቹ ግማሹን ቀን ይማራሉ፤ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰሉ ፍሬዎች እርሻ ይሠራሉ።

አጎታችን የሄዱት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነው ነው። አባታቸው ከኦጋዴን አልተመለሱም። እንደሚነግሩን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢትዮጵያውያን ልጆች ሥጋውን እየተዉ ሩዙን ብቻ ይበሉ ነበር። ወጥ ቤቶቹ ኩባውያት ልጆቹ ታመው ይሆናል ብለው ተጨነቁ፤ ሐኪምም መጣ። ከልጆቹ መካከል ታላቅ የነበረው አንድ ልጅ ሳይጾም የማይበላ ሰው ጅል ነው ብሎ በመጀመሪያ በላ፤ የቀሩትም ተከተሉት። አጎታችን እስከ መጨረሻ ከቆዩት ሦስት ልጆች አንዱ ነበሩ። የበሉበትን ቀን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበረ፤ ከፍሬው እርሻ ተመልሰው እጃቸው ገና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ ሥጋውም ያንኑ ይሸት ነበር። እኛ ከዚህ በላይ ምክንያት ለመፈለግ አንደፍርም።

አሁን ወደ ልደታው ድስት እንመለስ። የሥራውን ሁኔታ ሦስት ቅዳሜ በአጠገቡ ቆመን ስላየን ቢጻፍ ይጠቅማል። ሥጋው ሦስት ኪሎ የሚሆን ወርች ነው፤ ጮማው አይነሣም። በኩባ ልማድ ሌሊቱን ሙሉ ተነክሮ ያድር ነበር፤ ሌሊቱ ግን የዓርብ ሌሊት ስለሚሆንና አያታችን በዓርብ ቀን ሥጋ በቤት እንዳይገባ ስላዘዙ፣ የሚነከረው ቅዳሜ በማለዳ ነው። ኮምጣጣው ብርቱካን በገበያ ስለማይገኝ ሁለት እጅ ብርቱካንና አንድ እጅ ሎሚ ይጨመቃል። ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ይወቀጣል፤ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ይገባል። ሥጋው በቢላዋ ጫፍ እየተወጋ ይታሻል። በአምስት ሰዓት ገደማ በብረት ድስት ሆኖ ከሰል ላይ ይጣዳል፤ እሳቱ የሚታይ ነበልባል ሊኖረው አይገባም። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይቆያል። አጥንቱ በጣት ሲሳብ ሥጋውን ጥሎ ከወጣ ደርሷል።

በኩባ ሥጋውን በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑታል። አጎታችን በቅጠሉ ፋንታ ኮባ ያደርጋሉ፤ በክዳኑም ላይ ፍም ያኖራሉ። ይህን የተማሩት ከኩባ ሳይሆን አያታችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ አይተው ነው። አያታችንም በሩቅ ሆነው ሲያዩ፣ «እኔ ያስተማርኩህ በኮባ ነው፤ አንተ ኩባ አደረግኸው» አሏቸው። ይህ ቃል በዚያ ቤት ስለ ድስቱ ከተነገሩት ጥቂት የለሰለሱ ቃላት አንዱ ነው።

አያታችን ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ በዚያ ቤት አልቆዩም። ሽታው ሲጀምር ነጠላቸውን ለብሰው ታች ፎቅ ወደሚኖሩት ወዳጃቸው ይወርዱ ነበር፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በደረጃው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ልጃቸውን አልተቆጡም፤ አልረገሙምም። ይህ ለአጎታችን ከቁጣ የከፋ ነበር። ባላቸውን ጦርነት ወሰደው፤ ልጃቸውን ኩባ ወሰደችው፤ ሲመለስም ማታ በአንድ ጣራ ሥር ማምሸት አልተቻላቸውም። አጎታችን ማብሰሉን ሊተዉ ሁለት ጊዜ አስበው ነበር። ነገር ግን ከደሴቱ አብረዋቸው የተመለሱት ሰዎች የሚገናኙበት ሌላ ቤት የለም፤ የ1983 ዓ.ም. ለውጥ በያለበት በትኗቸዋል፤ አንዳንዶቹም ኩባ ቀርተዋል። ለእነርሱ ዶሚኖውና ሥጋው የልጅነታቸው አገር ነው። የሚጫወቱትም በምዕራብ ኩባ ልማድ እስከ ዘጠኝ በሚቆጥረው ባለ 55 ጠጠር ዶሚኖ ነው፤ በየቡና ቤቱ የምናየው ግን ባለ 28 ነው።

እኛ ለክፍል ጥናት የገላውዴዎስን መግለጫ ባነበብንበት ሰሞን ለአያታችን ግዕዙን እያነበብን በአማርኛ አስረዳናቸው። በልባችን የንጉሥ ቃል ይረታቸዋል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን እስከ መጨረሻ ሰምተው፣ የማይበላውን አናስገድድም የሚለውን ክፍል ደግመን እንድናነብ አዘዙ። ከዚያም፣ «ንጉሡ መልካም ተናግረዋል፤ እንግዲያው እኔን አታስገድዱኝ» አሉ። የሚበላውን አንጸየፈውም የሚለውንም አነበብንላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ «ልጄን መቼ ተጸየፍሁ? የተጸየፍሁት ድስቱን ነው» አሉን። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን መለየት ነበረበት፤ የለዩት ግን ፊደል በዘመቻ ትምህርት የቆጠሩ አሮጊት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ስምምነት የእርሳቸው ነው። ድስቱ ከቤት ወጥቶ በግቢው በጋራ ማብሰያው ቤት እንዲጣድ፣ ከሸክላ ሳይሆን ከብረት እንዲሆን፣ በእጀታውም ላይ ቀይ ክር እንዲታሰር አሉ። ስለ ሸክላው ያሉት ነገር ከኦሪት ጋር ይስማማል፤ በዘሌዋውያን መጽሐፍ የሸክላ ዕቃ ይሰበራል፣ የናሱ ግን ይፈገፈጋል፣ በውሃም ይታጠባል። ከቤት ውጭ ማብሰሉንም ከራሳቸው ሠፈር በዓል ወስደውታል። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ ንፍሮውን በደጅ ቀቅሎ በደጅ ይበላል። በደጅ የበሰለ ነገር የሁሉም ነው፤ የቤት ግን አይደለም ብለው አስረዱን። በእነዚህ ስምምነቶች ቅዳሜ ማታ በቤታቸው መቀመጥ ጀመሩ። ለእርሳቸው በሌላ ድስት በዚያው ቅመም የበግ ሥጋ ይሠራል፤ ከዶሚኖው ገበታ ራቅ ብለው ጥጥ እየፈተሉ ይቆያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ማን እያሸነፈ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ።

ይህ ስምምነት ባለፈው ግንቦት ተፈተነ። የልደታ ዕለት የግቢው ሴቶች ለንፍሮ የሚሆን ትልቅ ድስት አጥተው በጋራ ማብሰያው ቤት ተደፍቶ ያገኙትን አንሥተው ጣዱት። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው ከየቤቱ የተዋጣ ነው፤ እስላሞችም አዋጥተዋል። ንፍሮው ሊበስል ጥቂት ሲቀረው አያታችን ወረዱ፤ ቀይ ክሩንም አዩት። እኛ በአጠገባቸው ነበርን። ድስቱ በአሸዋና በአመድ የተፈገፈገ መሆኑን እናውቃለን፤ እርሳቸውም ያውቃሉ፤ እንደ ኦሪቱ ቃል ዝም ቢሉ የሚከሳቸው የለም። እጃቸው በመቋሚያው ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያም በግልጽ ተናገሩ፤ ይህ ድስት የልጄ ነው፤ ምን እንደሚበስልበትም ታውቃላችሁ፤ ይደፋ አሉ። አንዲት ወጣት ሚስት እህሉ ባክኖ ሊቀር ነው ብላ አጉረመረመች። አያታችን ግን ከቤታቸው ለክረምት ያስቀመጡትን ስንዴና ሽምብራ አስወርደው በራሳቸው የሸክላ ድስት እንደገና ጣዱ።

ሰዉ እስኪመሽ ድረስ ቆየ። አጎታችን በዚያ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ወደ ታች አልወረዱም ነበር፤ አያታችን ሰው ልከው አስጠሯቸው፤ የመጀመሪያውንም ጭልፋ ንፍሮ በእጃቸው ሰጧቸው። ድስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጎታችን አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይወጣል።